አንጎቭ የሚባል የቤተሰብ ስም ከየት የመጣ ነው?

ሐና_አዴላይድ

ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴ እዚሁ አውስትራሊያ ተወልዶ ያደገ ነው፣ የቤተሰቡ ስም አንጎቭ ይባላል። በቅርቡ የመጀመሪያ ልጃችንን እንወልዳለን፤ እና የስም ነገር አሁን የቤታችን ዋና ወሬ ሆኗል። እናቴ ከደብረ ማርቆስ በደወለች ቁጥር «ለመሆኑ ይሄ አንጎ ምናምን የምትሉት ምን ማለት ነው?» ትለኛለች። ባለቤቴን ስጠይቀው «ከኮርንዋል ነው» ይላል፣ ከዚያ ወዲያ ዝም። የአያቱ አያት መዳብ ቆፋሪ ሆኖ ሙንታ የምትባል ከተማ እንደመጣ ብቻ ነው በቤተሰቡ የሚወራው። እዚህ ደቡብ አውስትራሊያ ደግሞ ሰው ሁሉ ስሙን የሚያውቀው ከወይን ጠጅ ጠርሙስ ላይ ነው። ስንተዋወቅ «የወይኑ ዘመዶች ናችሁ?» የማይለን የለም። ስሙ እንግሊዝኛ አይመስለኝም። ፈረንሳይኛ ነው ያለኝ ሰውም አለ። የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ፣ ትርጉሙ መጥፎ ከሆነም አትደብቁኝ።

ዳዊት_ፕሊማውዝ

እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ፣ በሰላም ያገላግልሽ። እኔ ያለሁት በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ፣ ፕሊማውዝ ነው። ከእኛ የታማርን ወንዝ ከተሻገርሽ ኮርንዋል ነው፤ ለሥራ ስመላለስ የስሞቹ ነገር ሱስ ሆኖብኛልና ከረዘመብሽ ታገሺኝ። (ዓመቶቹንም ቀኖቹንም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

እንግሊዝኛ ያልመሰለሽ እውነትም እንግሊዝኛ ስላልሆነ ነው። ኮርኒሽ ነው። ኮርኒሽ ራሱን የቻለ ቋንቋ ነው፣ የዌልስና የብሬታኝ (ፈረንሳይ ውስጥ ያለ ክፍለ አገር ነው) ቋንቋዎች የቅርብ ዘመድ፣ እንግሊዝኛ ወደዚያ ደሴት ከመግባቱ በፊት ይነገር ከነበረው ቋንቋ የወረደ። «ጎቭ» ማለት ብረት ሠሪ ነው። ፊቱ ላይ ያለው «አን» እኛ ስም መጨረሻ ላይ «ው» ብለን የምናስገባውን ሥራ ይሠራል። አንጎቭ፣ ብረት ሠሪው። ሌላ ምሥጢር የለውም።

ሲጠራ ጉልበቱ «ጎቭ» ላይ ነው የሚያርፈው፣ «አን» ላይ አይደለም። ትሬሎኒ፣ ፔንሮዝ የሚባሉትን ስሞች ስትሰሚም እንዲሁ ነው፣ መጀመሪያው ለስለስ ይላል።

ይሄ በ«አን» የሚጀምር ስም ቤተሰቡ ትንሽ ነው። አንግዊን አለ፣ «ቀዩ» ማለት ነው፣ እኛ መልኩ ፈካ ያለውን ሰው ቀዩ እንደምንለው። አኒየር አለ፣ «ረጅሙ»። አየሽ፣ አንድ መንደር ውስጥ ሦስት ጆን ካሉ ለመለየት የሚወጣ የሰፈር ስም ነው ሁሉም። ብዙዎቹ የኮርንዋል ስሞች ግን ከቦታ የመጡ ናቸው። ሪቻርድ ካሩ የሚባል የዚያው አገር ባላባት በ1602 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ኮርንዋሎችን በትሬ፣ በፖልና በፔን ታውቃቸዋለህ የሚለውን አባባል መዝግቦታል። ትሬ የእርሻ ሰፈር፣ ፖል ኩሬ፣ ፔን ራስ ወይም ጫፍ ነው። ትሬቪቲክ፣ ፖልግሬን፣ ፔንሮዝ የሚባሉትን ብትጠሪ ማንም ኮርንዋል ይላል። አንጎቭን ግን እንግሊዞቹ ራሳቸው አያውቁትም፣ ፈረንሳይ ነው የሚሉሽ ለዚህ ነው።

ፈረንሳይ ያለሽ ሰውም ሩቅ አልሄደም። ብሬታኝ ውስጥ ለጎፍ የሚባል ስም ሞልቷል። ያው ጎፍ ነው፣ ብረት ሠሪው፣ ፊቱ ላይ የፈረንሳይኛው «ለ» ገብቶ። የአየርላንዱ ማክጋዋንም የብረት ሠሪው ልጅ ነው።

ወንዴ_ፐርዝ

ሐና አንቺ ዕድለኛ ነሽ፣ የጀግና ዘር አግብተሻል! አንጎቭ ማለት እኮ በ1497 የእንግሊዝን ንጉሥ ለመውጋት እስከ ለንደን የዘመተው ሰው ነው። እዚህ ፐርዝ አብሮኝ የሚሠራ ኮርንዋል የሆነ ሽማግሌ አለ፣ ስለ እሱ ሲያወራ ትላንት የተገደለ ነው የሚመስለው። ልጁ ወንድ ከሆነ ማይክል በይው፣ አለቀ።

ዳዊት_ፕሊማውዝ

ወንዴ ቀስ በል። ታሪኩ እውነት ነው፣ ዘር ቆጠራው ግን አይሠራም።

ለማያውቁ ልንገራችሁ። ሰውዬው ማይክል ጆሴፍ ይባላል፣ በኮርንዋል ደቡብ ጫፍ፣ ሊዛርድ በሚባለው ባሕረ ገብ ምድር፣ የሴንት ኬቨርን መንደር ብረት ሠሪ ነበር። ንጉሡ ሄንሪ 7ኛ ከስኮትላንድ ጋር ለሚደረግ ጦርነት ግብር ጣለ። የኮርንዋል ሕዝብ ደግሞ ከስኮትላንድ ድንበር ያለው ርቀት ሌላ አገር ነው፤ የእኛ ነገር አይደለም፣ የሰሜን ሰዎች ይክፈሉ አለ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ንጉሡ የቆርቆሮ ማዕድን ቆፋሪዎቹን የጥንት መብት አግዶባቸው ስለነበር ሆዳቸው ቆስሏል። ይሄ ብረት ሠሪ ተነሣ። ከቦድሚን ከተማ ቶማስ ፍላማንክ የሚባል ጠበቃ ተቀላቀለው፣ መንገድ ላይ ደግሞ ኦድሊ የሚባል ባላባት። 15 ሺህ ገደማ ሰው ይዘው በእግራቸው ከደሴቲቱ ምዕራብ ጫፍ እስከ ለንደን አፋፍ ደረሱ። ፈረስና መድፍ የሌለው ሕዝብ ነው፣ ቀስትና የእርሻ መሣሪያ የያዘ። ሰኔ 17 ቀን 1497 ዴፕፎርድ ድልድይ አካባቢ የንጉሡ ጦር ከበባቸውና ተሸነፉ። በሰኔ 27 ማይክልና ፍላማንክ ታይበርን ላይ ተገደሉ፣ ራሳቸው ለንደን ድልድይ ላይ ተሰቀለ።

ወደ መገደያው ሲወስዱት ስሜ ለዘላለም ይኖራል፣ ዝናዬም አይጠፋም ማለቱን የእንግሊዝ ዜና መዋዕል ጸሐፊዎች ሳይቀሩ ጽፈውታል። አባባሉ አልቀረበትም። በ1997፣ በ500ኛው ዓመት፣ ሰዎች ከሴንት ኬቨርን ተነሥተው ያንኑ መንገድ በእግራቸው ተጉዘው ለንደን አፋፍ ያለው ብላክሂዝ ገብተዋል። መንደሩ ውስጥ የእሱና የፍላማንክ ሐውልት ቆሟል።

አሁን ወደ ዘሩ ልምጣ። ማይክል የተጠራበት «አን ጎፍ» (ያው አንጎቭ ነው) የቤተሰብ ስሙ አይደለም፣ ሥራው ነው። ሴንት ኬቨርን ላይ አንድ ብረት ሠሪ ነበር፣ ቀጥሎ ያለው መንደርም አለው፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለውም። ማረሻ የሚስል፣ የፈረስ ጫማ የሚመታ፣ የማዕድን ቆፋሪውን ዶማ የሚያድስ ሰው የሌለው መንደር አይኖርም። ከየመንደሩ ያለው ብረት ሠሪ ልጅ አንጎቭ ተብሎ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ አንጎቭ የተባለ ሁሉ ከአንድ ሰው የወረደ ነው ማለት፣ ጠይብ የተባለ ሁሉ የአንድ አባት ልጅ ነው እንደማለት ነው። ስሙም በብዛት የሚገኘው ሴንት ኬቨርን ሳይሆን በማዕድኑ ወረዳ ነው፣ ካምቦርን፣ ኢሎገን፣ ሬድሩት በሚባሉት።

ወንዴ_ፐርዝ

እሺ ጌታው። ማይክል የሚለውን ግን አልተውም፣ ስሙ ራሱ ያምራል።

ባለእጁ

ሁላችሁም ያለፋችሁትን ነገር እኔ ላንሣው። ሐና፣ እናትሽ ትርጉሙን ስትሰማ ምን አለች?

የምጠይቅሽ ለክፋት አይደለም። እኔ የብረት ሠሪ ልጅ ነኝ። አባቴ ወናፉን ነፍቶ ነው ያስተማረኝ። ሰፈራችን ውስጥ ማረሻውን ለማሳል በጠዋት በራችን ላይ የሚሰለፍ ሰው ማታ «ቀጥቃጭ» ይለናል፣ ልጁ ከታመመ ደግሞ ቡዳ እኛ ነን። ለጋብቻ አይታሰብም። አፄ ምኒልክ እንኳን ባለሙያን በሙያው እንዳትሰድቡ ብለው አዋጅ አውጥተው ሰው አልተወም። እና አንድ ሕዝብ ብረት ሠሪ የሚለውን ስም ቤተሰቡ ላይ ለጥፎ፣ ለልጅ ልጅ አውርሶ፣ በወይን ጠርሙስ ላይ አትሞ ሲኮራበት ሳይ ደስም ይለኛል፣ ያናድደኛልም። እስቲ ፈረንጆቹን ቁጠሩ፦ ስሚዝ፣ ሽሚት፣ ፌራሪ፣ ኮቫች፣ ኩዝኔትሶቭ። ዓረቡም ሐዳድ ይላል። ሁሉም ብረት ሠሪ ነው። እኛ ጋ ባለእጅ ብዬ ስም ባወጣ ማን ነው የሚያቅፈኝ?

ሰብለ_ሃይፋ

ባለእጁ፣ ወንድሜ፣ ጽሑፍህን ሳነብ አያቴ ትዝ አሉኝ። እኛ ቤተ እስራኤሎች ጎንደር እያለን ወንዱ ብረት ሠሪ፣ ሴቷ ሸክላ ሠሪ ነበርን፣ ስሙም ያው አንተ ያልከው ነው። እስራኤል ስንመጣ እዚህ የቤተሰብ ስም ግዴታ ነው፣ አብዛኛው ሰው የአያቱን ስም ይዞ ቀረ። አያታችን ብረት ሠሪ እንደነበሩ የሚነግር ነገር ስማችን ውስጥ የለም። ብረት ሠሪው የሚል ስም ቢሰጠን ኖሮ ያኔ እንቀየማለን፣ ዛሬ ግን ልጆቼ ደስ የሚላቸው ይመስለኛል።

ዳዊት፣ ኮርንዋል ውስጥስ ብረት ሠሪ ይናቅ ነበር?

ዳዊት_ፕሊማውዝ

በፍጹም አይናቅም ነበር ሰብለ። እንዲያውም የቅርብ ዘመዶቻቸው የዌልሶች የመካከለኛው ዘመን ሕግ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። የገባር ልጅ ያለ ጌታው ፈቃድ መማር የማይችላቸው ሦስት ሙያዎች ተብለው ተጽፈዋል፦ የቤተ ክህነት ትምህርት፣ ባለቅኔነትና ብረት ሠሪነት። ለምን ቢሉ፣ ከእነዚህ አንዱን የተማረ ሰው ነጻ ይወጣል፣ ጌትዮው ገባሩን ያጣል። ብረት መቀጥቀጥ ከቄስነትና ከቅኔ እኩል ተቀምጧል ማለት ነው። የዌልስ ንጉሥ ቤተ መንግሥት ውስጥም ብረት ሠሪው የራሱ ማዕርግ ነበረው።

ማይክልንም ተመልከቱት። 15 ሺህ ሰው የተከተለው ባላባት ስለሆነ አይደለም። ገበሬውም አሣ አጥማጁም የሚያውቀው ሰው ስለሆነ ነው፤ የብረት ሠሪ ቤት ወሬው ሁሉ የሚሰማበት ቦታ ነው።

እትዬ_ዘነበች

ልጆቼ ሁሉንም አነበብኩ፣ እግዜር ይስጣችሁ። እኔ ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ሐናዬ፣ ልጁ የአባቱን ስም ይያዝና ይኑር እንጂ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የነበረ ብረት ሠሪ ስም ምን ይሠራለታል? የእኔ ልጅ አሜሪካ ሄዳ የባሏን አያት ስም ተሸክማ ስትኖር የማን ልጅ እንደሆነች ለማስረዳት አቃተኝ።

ዳዊት_ፕሊማውዝ

እትዬ፣ እርስዎ የሚሉትን ኮርንዋሎችም ያደርጉት ነበር። ቅድም ያነሣሁት ካሩ የጻፈው ይሄንኑ ነው፣ እኔም መጀመሪያ ሳነበው አንድ ኢትዮጵያዊ የጻፈው ነው የመሰለኝ። በእሱ ዘመን ኮርንዋሎች አንዱን ሰው በራሱ ስም፣ ቀጥሎ በአባቱ ስም፣ መጨረሻ ላይ በሚኖርበት ቦታ ነበር የሚጠሩት። ፔንዳርቪስ በሚባል ቦታ የሚኖር የቶማስ ልጅ ጆን፣ ጆን ቶማስ ፔንዳርቪስ ይባላል። ታናሹ ሪቻርድ፣ ሪቻርድ ቶማስ ፔንዳርቪስ። ከበደ ተሰማ የደብረ ብርሃኑ እንደማለት ነው በሉት።

እና ሰውየው ቤት ሲቀይር ስሙም ይቀየራል። ካሩ ምሳሌ ሲሰጥ ትሬንጎቭ የነበሩት ወደ ናንስ ተለወጡ ይላል። ትሬንጎቭ ራሱ «የብረት ሠሪው ሰፈር» ማለት ነው፣ ያችው «ጎቭ» ገብታበታለች። ናንስ ደግሞ ሸለቆ። ከብረት ሠሪው ሰፈር ወጥተው ሸለቆ ገቡ፣ ስማቸውም ተከተላቸው። የሁለት ወንድማማቾች ስምም እንዲሁ ተለያይቷል፣ አንዱ ካርንስው፣ ሌላው ሬስክሮው ሆኖ፣ ሁለቱም የቶማስ ልጆች እያሉ።

እንግሊዝ በሌላው ክፍሏ የቤተሰብ ስም ቀድማ አጽንታ ነበር፣ ምዕራብ ኮርንዋል ግን ቋንቋውም ልማዱም የተለየ ስለሆነ ዘገየ። ከ1538 ጀምሮ እያንዳንዱ ደብር የጥምቀት፣ የጋብቻና የቀብር መዝገብ እንዲይዝ ታዘዘ። ጸሐፊው እንግሊዝኛ ያስባል፣ ፊቱ የቆመው ሰው ኮርኒሽ ያስባል። አንድ ስም ጻፍ ተብሏልና ይጽፋል። አባቱን ይጽፍ ይሆናል፣ ሰፈሩን ይጽፍ ይሆናል፣ ሥራውን ይጽፍ ይሆናል። እዚያ መጽሐፍ ላይ የገባው እየጸና ሄደ። የሐና ባለቤት አባቶች ላይ የጸናው ሥራቸው ነው።

ቋንቋው ራሱ ግን ብዙ አልቆየም። በ1549 የእንግሊዝኛውን የጸሎት መጽሐፍ አንቀበልም ብለው አምፀው በብዙ ደም ተጨፈለቁ፣ ከዚያ በኋላ ኮርኒሽ ወደ ምዕራብ እየተገፋ ሄደ። ዶሊ ፔንትሪዝ የሚሏት የማውዝል መንደር አሣ ሻጭ በ1777 ስትሞት ብዙ ሰው የመጨረሻዋ ተናጋሪ ናት ይላል። ስሞቹ ግን ቀሩ። ሰዎቹ ትርጉሙን ሳያውቁት ሁለት መቶ ዓመት ተሸክመውት ዞሩ፣ አውስትራሊያም ይዘውት ሄዱ።

ሐና_አዴላይድ

ኧረ ምን ብዬ ላመስግናችሁ! ባለቤቴ ሥራ ቦታው ሆኖ እየተረጎምኩለት ነበር፣ ጆን ቶማስ ፔንዳርቪስ የሚለውን ሲሰማ «ታዲያ ያንቺዎቹ ናቸው ትክክል» አለኝ።

ባለእጁ፣ እናቴን ጠየቅኋት። ዝም አለች ትንሽ። ከዚያ «ሥራ የሚወድ ዘር ነው ማለት ነው» አለች። ቀጥላ ደግሞ «ለእቴቴ ግን እንዳትነግሪያት» አለችኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ሁለቱንም ነው ያለችው።

የወይኑ ነገርስ? ዘመድ ናቸው ወይስ አይደሉም?

ባለእጁ

እናትሽን ወደድኳቸው። እቴቴን ለእኔ ተዪልኝ።

ቤተልሔም_ሜልበርን

የወይኑን እኔ ላውጋሽ። ዊልያም አንጎቭ የሚባል የኮርንዋል ሐኪም በ1886 ደቡብ አውስትራሊያ መጥቶ ቲ ትሪ ጋሊ ላይ ክሊኒክ ከፈተ፣ አዴላይድ ዳርቻ፣ አንቺ ታውቂዋለሽ። ወይን የተከለው ለበሽተኞቹ እንደ ማጠንከሪያ ሊሰጣቸው ነው። ከዚያ ወይኑ ሕክምናውን በለጠው። ልጁ በ1910 ሬንማርክ ላይ ማከፋፈያና መጥመቂያ ጨመረ፣ ይሄው እስከ ዛሬ በቤተሰቡ እጅ ነው።

የባለቤትሽ ሰዎች ሙንታ የገቡት በማዕድን ከሆነ መንገዳቸው ሌላ ነው። ሙንታ መዳብ የተገኘው በ1861 ነው። በ1866 ደግሞ ኮርንዋል ውስጥ የመዳብ ዋጋ ወድቆ ጉድጓዶቹ ተዘጉ፣ ሕዝቡ በመርከብ ነቀለ። ሙንታ፣ ካዲናና ዋላሩ ትንሿ ኮርንዋል ተባሉ። ከ1973 ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ ትልቅ በዓል አላቸው፣ ከርነወክ ሎዌንደር ይሉታል፣ የኮርንዋል ደስታ እንደማለት። ሕፃኑ ሲጠና ውሰጂው፣ ሥጋና ድንች የሚሞላበት የኮርንዋል ፓስቲውም ከዚያ ይጣፍጣል።

ዘመድ መሆን አለመሆናቸውን የሚለየው መዝገቡ ብቻ ነው። ከራሳችሁ ወደ ኋላ ተነሺ እንጂ ከሐኪሙ ወደ ታች አትምጪ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ታዋቂውን ይዞ ወደ ራሱ መስመር ሲጎትት ነው።

ዳዊት_ፕሊማውዝ

ቤቲ ትክክል ናት። ደቡብ አውስትራሊያ ከ1842 ጀምሮ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በመንግሥት ይመዘገባል፣ ከዚያ ጀምሪ። የሙንታው አያት የሞቱ ጊዜ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ከሆነ ትሮቭ የሚባለው የብሔራዊ ቤተ መጻሕፍታችሁ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ታገኚዋለሽ፣ ብዙ ጊዜ የተወለደበትን ደብር ይጠቅሳሉ። ደብሩን አንዴ ካወቅሽ ግማሹ አለቀ። የኮርንዋል በጎ ፈቃደኞች የየደብሩን መዝገብ ገልብጠው ኢንተርኔት ላይ በነጻ አስቀምጠውታል። ሬድሩት ውስጥ ደግሞ ክሬሰን ከርኖው የሚባል ትልቅ ቤተ መዛግብት በ2019 ተከፍቷል።

ስትፈልጊ አንጎቭ ብቻ ብለሽ አትቁሚ። በኤፍም በቪም፣ በአንድ ኦም በሁለት ኦም፣ አንዳንዴ «አን» ተቆርጦ ጎቭ ብቻ ሆኖ ይመጣል። በ1641 እና 42 አዋቂ ወንድ ሁሉ የፈረመበት የቃል ኪዳን ዝርዝርም ለኮርንዋል በደንብ ተርፏል፣ ደብር በደብር ነው የተጻፈው። መዝገቡ ላይ «እከሌ ወይም እከሌ» ተብሎ ለአንድ ሰው ሁለት ስም ካየሽ አትደንግጪ፣ እዚያ አገር የተለመደ ነው።

እትዬ_ዘነበች

እንግዲህ ልጁ ስሙን ከእናትሽ ይቀበል፣ አንጎቭ ከኋላ ይምጣ። ሴት ከሆነች ግን ማይክል አትበሏት።

ሰብለ_ሃይፋ

😂😂 እትዬ!

ዳዊት አንድ የመጨረሻ ላስቸግርህ። ለንደን ያለው ወንድሜ አለቃው ፓስኮ ይባላል። እሱም ከዚያው ነው?

ዳዊት_ፕሊማውዝ

ነው። ፓስኮ ኮርንዋል ውስጥ በጣም የተለመደ ነው። ከክርስትና ስም የመጣ ነው፣ በትንሣኤ ሰሞን ለተወለደ ልጅ የሚወጣ። እኛ ፋሲካ እንደምንለው ማለት ነው፣ ሥሩም አንድ ነው፣ ሁለቱም ከፔሳሕ ነው የመጡት፣ ይሄንን ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም።

ወንዴ_ፐርዝ

እኔም ልጠይቅ እንጂ። ያ ሽማግሌ የነገርኳችሁ፣ ስሙ አንድሬዋርታ ነው የሚባለው። ይሄማ አንድሩ ከሚለው ነው አይደል?

ዳዊት_ፕሊማውዝ

አይደለም። ይሄም ያው «አን» ነው። አን፣ ድሬ፣ ዋርታ ብለህ ክፈለው። ድሬ ማለት ትሬ ናት፣ «አን» ፊቷ ሲመጣ ትለሰልሳለች። ዋርታ ላይኛው። ላይኛው ሰፈር። ነገ ሥራ ስትገባ ንገረው፣ ወይ ያውቀዋል ወይ ሻይ ይጋብዝሃል።